ፀሐይ ላይ የተሰጡት የራጅ ስክሪኖች

መብራት ባይጠፋ ኖሮ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ጋር ባልተዋወቅሁም ነበር። ሥራዬ ያረጁ መጻሕፍትን መጠረዝ ነው። በዚያ ቀን የሐኪም ቤቱ ቀዶ ጠጋኝ የሰጡኝን አንድ ወፍራም መጽሐፍ አዲስ ጀርባ አልብሼ ላስረክብ ብሄድ፣ «ሐኪሙ ሥራ ላይ ናቸው፤ ይጠብቁ» ተባልኩና በምድር ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው መብራቱ ድርግም አለ። ከኮሪደሩ ጫፍ ካለችው ከአንዲት መስኮት በቀር ብርሃን የሚባል አልቀረም። በመስኮቷ ደፍ ላይ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥኖች እንደ መጽሐፍ ተከፍተው በተርታ ፀሐይ ይሞቃሉ። የተከፈተ ነገር ባየሁ ቁጥር ላንብብ ላንብብ የሚለኝ አመል አለብኝና ጠጋ አልኩ። በግራም በቀኝም ገጻቸው ቢጫማ ሉህ ተለጥፎባቸዋል እንጂ ጽሕፈት የላቸውም።

«አይንኩብኝ ወንድሜ! ገና አሁን ማጽዳቴ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ዞር ስል ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ቀኝ እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው እንደ ታመመ ጫጩት ደረታቸው ላይ ያቀፉ አዛውንት አየሁ። የራጅ ክፍሉ ባለሙያ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው አጥንት ጥላ ሲያነሱ ስለኖሩ፣ ከዘበኛ እስከ ሐኪም «ጋሽ ጥላ» ይላቸዋል። ከኋላቸው አንዲት ወጣት ቆማለች፤ እሷም ነጭ ለብሳለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ምን እንደሆኑ ለማወቅ ብዬ ነው።»

«ካሴት ይባላሉ። የዘፈኑ አይደለም ደግሞ!» ብለው ሳቁ። «የራጁን ፊልም በዚህ መሃል አስገብተን ግጥም አድርገን እንዘጋዋለን። ይህ የሚያዩት ሉህ ስክሪን ነው። ጨረር ሲያርፍበት ያበራል፤ ፊልሙም በእሱ ብርሃን ይጠቁራል። በየሳምንቱ በአልኮል ፍትግ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ። የስንቱ በሽተኛ ደረት የሚደገፍበት ዕቃ መሰለዎት! ፀሐይ የማትገድለው ተባይ የለም።»

«ተባዩን እንጃ፤ ስክሪኖቹን ግን ገድላቸዋለች» አለች ወጣቷ ቀስ ብላ።

«ጀመረች! ይኸውልዎት፣ የእህቴ ልጅ ናት። አሳደግኋት፣ አስተማርኳት፤ ተመርቃ እዚሁ ተመደበችልኝና አሁን እኔን ታስተምራለች። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ይኸው ነው።»

«ጋሼ፣ ላስተምርዎት መቼ ሞከርኩ? እንለካ ነው ያልኩት።»

«ምኑን ነው የምንለካው? ሱሪ ነው?»

ወጣቷ ወደ እኔ ዞረች። ዳኛ የተቸገረ ሰው መንገደኛም ይይዛል። «እርስዎ ይፍረዱን። ጨረር ፊልሙን እንደ ወንፊት ነው የሚያልፈው፤ ጥቂቱ ብቻ ይቀርበታል። ስለዚህ ፊልሙን ብቻውን ብናስቀምጠው ጥሩ ፎቶ ለማግኘት ብዙ ጨረር መልቀቅ አለብን። ስክሪኑ ግን ጨረሩን ይይዝና ብርሃን ያደርገዋል፤ ብርሃኑን ደግሞ ፊልሙ አይስተውም። ጥሩ ስክሪን የጨረሩን ሥራ ሠላሳም አርባም እጥፍ ያግዛል። የእኛዎቹ ግን ቀለማቸውን አይተዋል? ነጭ ነበሩ። አልኮሉ ሽፋናቸውን ልጦታል፣ ፀሐይዋ ቢጫ አድርጋቸዋለች። ቢጫ የሆነ ስክሪን ያወጣውን ብርሃን መልሶ ራሱ ይጠጣዋል።»

«ሰማሃት፣ አየሃት!» አሉ ጋሽ ጥላ፤ በንዴታቸው አንቱታውን ረስተውት ነበር። ወዲያው አረሙ። «ይቅርታ ወንድሜ። ፎቶው ነጣ ሲልብኝ ጨረሩ የሚለቀቅበትን ሰዓት ጨመር አደርጋለሁ፤ ይጠቁራል። ሁሌም እንዲሁ ነው የሠራሁት። ዓይኔ እያለልኝ መለኪያ ምን ያደርግልኛል?»

«ጨመር የሚያደርጉት ሰዓት ማን ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጋሼ?»

አዛውንቱ ጀርባቸውን ሰጥተው አንዱን ካሴት ወደ ፀሐይ አዞሩት። እኔም አልፈረድኩም። ነገር ሳይጠና የተሰጠ ፍርድ ከዝምታ እንደሚከፋ ዕድሜ አስተምሮኛልና «እስቲ ልስማችሁ» ብዬ ወደ አግዳሚዬ ተመለስኩ።

በዚህ መሃል ቀዶ ጠጋኙ በደረጃው ወረዱ። መጽሐፋቸውን ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉና አመሰገኑኝ። ቀጥለው ፊታቸውን ወደ ጋሽ ጥላ አዞሩ፤ ፈገግታቸው ጠፋ።

«የእጅዎን ሦስተኛ ፎቶም አየሁት። እንደ ሁለቱ ነው፤ ጭጋግ! እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ማሽኑ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ አጥንቱ ከሥጋው አይለይም። ጋሽ ጥላ፣ በዚህ ፎቶ ቢላ አላነሳም። ቁስሉ ካንሰር ነው፤ እሱን ተማምነናል። የማላውቀው የት ድረስ እንደ ሄደ ነው። ሁለቱ ጣቶች ላይ ቆሞ ከሆነ ሁለቱን ቆርጬ እጅዎን አተርፋለሁ። አልፎ ከሆነ…» ቃሉን አልጨረሱትም። «ሐሙስ ጠዋት ነው ቀጠሯችን። እስከዚያ ጥርት ያለ ፎቶ ያምጡልኝ። ሳላይ ብቆርጥ ወይ ክፉውን እተዋለሁ፣ ወይ ደህናውን እወስዳለሁ።»

«እሺ ዶክተር። ሰዓቱን ትንሽ ጨምሬ አነሳዋለሁ።»

«ሰዓት መጨመር ነው እኮ ያበላሸው!» ብለው ሐኪሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ።

መብራት መጣ። ከመብራቱ ጋር አንዲት እናት የሁለት ዓመት ገደማ ልጇን ታቅፋ ደረሰች። ልጁ ሳል ይዞታል፤ ትንፋሹ እንደ ተበሳ ወናፍ ያፏጫል። ጋሽ ጥላ ከደጅ ሆነው «ና የኔ ጌታ፣ ና የኔ አንበሳ» እያሉ ተቀበሉት። ልጁም አለቀሰባቸው።

«ጋሼ፣ ጨረር የሚመልሰውን የእርሳስ ብረት ጓንት ያጥልቁ እንጂ» ስትል ወጣቷን ሰማኋት፣ በሩ ሳይዘጋ።

«ባለ ብረት ጓንት አጥልቄ ሕፃን ልይዝ? ይሄ ልጅ ነው፣ ፍም አይደለም!»

በሩ ተዘጋ። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። በልቤ «ጌታ ሆይ ማረን» አልኩ፤ ደግሜ አልኩ፤ ሦስተኛውን ልጀምር ስል ነው ድምፁ የቆመው። ጥቂት ቆይታ ወጣቷ ከጨለማ ክፍሉ ውኃ የሚንጠባጠብበት ፊልም ይዛ ወጣች። የልጁ ጎድን አጥንቶች በወራጅ ውኃ ውስጥ እንደሚታይ ጠጠር ተንቀጥቅጠዋል። እንደገና ተነሳ። እንደገና ማሽኑ አጓራ፤ ልጁም እንደገና ተንፈራገጠ። ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ብዙ አልተሻለም። እናትየው ልጇን አዝላ ስትሄድ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ እንደ አባት ያዙልኝ» አለቻቸው።

ጋሽ ጥላ አጠገቤ ተቀመጡ። ልጁን የያዙበት ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አረፈ፤ አየሁት። ጥፍሮቹ እንደ ታረሰ መሬት ተሰንጥቀዋል፣ ቆዳው እንደ ብራና ደርቋል፣ ፀጉር የለበትም። ግራው እንዲህ ከሆነ በፋሻው ውስጥ ያለው ቀኙ ምን ይሆን አልኩ በልቤ።

«ልጆቹን ሁሉ በእጅዎ ነው የሚይዙት?» አልኳቸው።

«ታዲያ በምን? ሕፃን ተንፍስ ቢሉት አይተነፍስ፣ ያዝ ቢሉት አይዝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ በማሰሪያ ነበር የሚጠፍራቸው። ያንን አይቼ በእጄ እይዛለሁ አልኩ፤ ያዝኩ። ደግ የሠራሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።»

«ጋሼ፣ እጅዎን የበላው እኮ እሱ ነው» አለች የእህታቸው ልጅ በሩን ተደግፋ።

«የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ነው የበላኝ! መቶ ጊዜ ነገርኩሽ።»

«ግራ እጅዎ መድኃኒት ውስጥ ገብቶ ያውቃል? የሚያጥቡት በቀኝዎ ነው።»

ጋሽ ጥላ ግራ እጃቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ኪሳቸው ከተቱት።

እኔ ብዙ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ያወቅሁት ለጠረዛ ከመጡልኝ መጻሕፍት ነው። በሰው ቤት ጠብ መግባትም አልወድም። ግን ሐሙስ ቅርብ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። «ስክሪኑ ከደከመ አዲስ አይገዛም ወይ?»

ወጣቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «አለ እኮ! ሁለት ጥንድ አዲስ ስክሪን ከነማሸጊያው ቁምሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው የመጣው። ጋሼ ለክፉ ቀን ብለው አስቀመጡት።»

«አዎ አስቀመጥኩት!» አሉ በቁጣ። «እናንተ የዛሬ ልጆች ሁሉን ዛሬ መቅደድ ነው። የነበሩት ይሠራሉ፤ አዲሱ ይቆይ አልኩ። ቆጣቢ ሰው ይሰደባል?»

«ጋሼ ካንሰር ክፉ ቀን ካልሆነ ክፉ ቀን ምን ሊመስል ነው?»

ልጅቷ የተናገረችው አስደንግጧት አፏን በመዳፏ ያዘች። አዛውንቱ ግን አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ወርዶ፣ ለእኔም ለእሷም ሳይሆን ለወለሉ የሚናገሩ መሰሉ።

«ልኬቱን የጠላሁት ስላልገባኝ መስሎሽ ነው? ገብቶኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞኝ ስለሆንኩ አይደለም ያልለቀቅሁት። ለክተሽ ስክሪኑ ሞቷል ብትይኝ፣ እነዚያ ሁሉ ሕፃናት… ያን ሁሉ ሰዓት በጨረር ሥር አስተኝቼ የያዝኳቸው… ምን አደረግኋቸው ማለት ነው? የእኔስ ይሁን፤ እጄ ነው። የእነሱን ለማን ነው የምመልሰው?»

እኔም፣ ቃሉ ከየት እንደ መጣልኝ እንጃ፣ «ያለፉትን ለፈጣሪ ይተዉለት» አልኩ። «ነገ የሚመጡትን ግን ለእርስዎ ሰጥቶዎታል። ሳይለኩ ቢቀሩ ያለፈው አይድንም፤ የሚመጣው ይጎዳል እንጂ።»

«ከሰዓት በኋላ በሽተኛ ሲያልቅ እንለካለን» አሉ ጋሽ ጥላ። «እርስዎም ይምጡ። እሷ ለራሷ ትፈርዳለች፣ እኔ ለራሴ። የባዕድ ዓይን ያስፈልገናል።»

ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ወጣቷ ሁሉን አሰናድታ ጠበቀችን። የሠራችውን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ ሌላ ቦታ እንዲሁ የሚከራከሩ ሰዎች ቢኖሩ ይጠቀሙበት ይሆናል።

ከአንድ ሳጥን ሦስት ፊልም አወጣች። አንደኛውን ያለ ምንም ስክሪን በጥቁር ወረቀት ብቻ ጠቀለለችው፤ ሁለተኛውን በአሮጌው ካሴት፣ ሦስተኛውን አዲሱን ስክሪን በለጠፈችበት ካሴት ውስጥ አደረገችው። የማሸጊያውን ክር የፈቱት ጋሽ ጥላ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ስለፈቱት ጊዜ ወሰደ፤ ማናችንም ግን አላገዝናቸውም። አዲሱ ስክሪን ሲወጣ እንደ ወተት ነጭ ነበር። አሮጌውን አጠገቡ ሲያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ።

ከዚያ ወጣቷ እያንዳንዱን ፊልም በየተራ በእርሳስ ሰሌዳ ሸፈነችና ዳሩን ብቻ ገልጣ ጨረር ለቀቀች። ሰሌዳውን በጣት ስፋት ገፋ አድርጋ ደግማ ለቀቀች። እንዲህ እያለች መጀመሪያ የተገለጠው ብዙ ጨረር፣ መጨረሻ የተገለጠው ጥቂት ጨረር እንዲያገኝ አደረገች። ስክሪን የሌለው ፊልም ማሽኑ እስኪያቃስት ብዙ ጊዜ ጨረር ተለቀቀበት። እኛ ሁላችን ከመከለያው ኋላ ነበርን። ጋሽ ጥላ በየመሃሉ ለመውጣት እግራቸውን ያነሱ ነበር፤ ልምድ ነው።

«የሚይዙት ልጅ የለም ጋሼ፤ ይቁሙ» ትላቸዋለች።

«ሰሌዳው እንዳይበርደው ላቅፈው ነበር» ይላሉ። ያን ቀን የሳቅነው በዚያች ብቻ ነው።

ሦስቱም ፊልሞች በአንድ ማጠቢያ፣ አንድ ላይ ገብተው አንድ ላይ ወጡ። ሲደርቁ ፎቶ ማያው የመብራት ሳጥን ላይ ተሰቀሉ። እያንዳንዳቸው ከፈዛዛ ግራጫ ጀምረው እስከ ድፍን ጥቁር የሚሄዱ መስመሮች ነበሯቸው፤ እንደ ደረጃ።

«አሁን ጥያቄው ቀላል ነው» አለች። «ይህችን የመሃሏን ግራጫ እንያዝ። ስክሪን የሌለው ፊልም እዚህ ግራጫ ላይ ለመድረስ ስንት ስፍር ጨረር ፈለገ? በአዲሱ ስክሪንስ? በአሮጌውስ? ባዶው አርባ ፈልጎ ባለ ስክሪኑ በአንድ ከደረሰ፣ ስክሪኑ አርባ እጥፍ አገዘን ማለት ነው። ልኬቱ ይኸው ነው። መሣሪያ የለንም፤ ዓይን አለን።»

ዓይን ግን ያታልላል፤ ፈዛዛው ከጥቁር አጠገብ ሲሆን ይበልጥ የፈዘዘ ይመስላል። እኔ የተቀደደ የመጽሐፍ ቆዳ ስጠግን ቀለም የማመሳስለው በጥቁር ወረቀት ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቼ ሌላውን ሁሉ በመጋረድ ነውና እዚህም እንዲሁ አደረግን። ተራ በተራ አየን፤ ወጣቷ አየች፤ እኔ አየሁ። ሁለታችንም ሳንነጋገር አንድ መስመር ላይ ጣታችንን ጣልን። ስክሪን የሌለው አርባ ስፍር፤ አዲሱ አንድ ስፍር፤ አሮጌው አራት።

«አሮጌው የሚያግዘን አሥር እጥፍ ብቻ ነው» አለች ወጣቷ። የረታች ሰው ድምፅ አልነበራትም።

«ማጠቢያው ይሆናል» አሉ ጋሽ ጥላ።

«አንድ ላይ ነው የታጠቡት፣ ጋሼ።»

«ፊልሙ ይሆናል።»

«ከአንድ ሳጥን ነው የወጡት።»

«እንግዲያው የእናንተ ዓይን ነው!» ብለው ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝ። በሁለቱ ቀዳዳዎች አዩ። ወረቀቱን አንቀሳቀሱ፤ እንደገና አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠርገው ደግመው አዩ። ከዚያ ወረቀቱን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የበሽተኞች አልጋ ላይ ቁጭ አሉ።

«አራት» አሉ። «አንድ ሲበቃ አራት። እያንዳንዱ ልጅ ላይ ካወረድኩት ከአራት ሦስቱ እንዲያው በከንቱ ነበር። እጄም ላይ።»

«ጋሼ፣ አያውቁም ነበር እኮ።»

«አለማወቄን ነው የምልሽ! ቆሻሻ እንዳይነካቸው ስል አይደለም እንዴ በየሳምንቱ የማጸዳው? ሰው ሲተኛ እኔ ስፈትግ! ያን ሁሉ ጊዜ ብርሃናቸውን ነው ስፈትግ የኖርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እኔ ደግሞ የብብቴን መጣሌን እንኳ ሳላይ፣ ቆጡ ላይ እጄን ሰቅዬ ኖርኩ።»

ወጣቷ አጠገባቸው ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። «ባላልኩዎት ይሻል ነበር» አለች እያለቀሰች። እሳቸው በዚያ በተሰነጣጠቀ ግራ እጃቸው ራሷን ዳበሱ። «የለም። ዘገየሽ እንጂ ማለትሽስ ደግ አደረግሽ። ቀድመሽ መወለድ ነበረብሽ» አሏት።

እኔ ቆሜ ስመለከታቸው የጋሽ ጥላ ጥፋት ስንፍና እንዳልነበረ አሰብኩ። ሰነፍ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ስክሪኖቹ እስከ ዛሬ ነጭ ነበሩ። ንፉግ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ሕፃናቱን በእጃቸው አይዙም ነበር። ንጽሕና፣ ቁጠባና ርኅራኄ፣ ሦስቱም መልካም ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱም ግን መጨረሻቸውን የሚጠይቃቸው አላገኙም። አንባቢዬ ሆይ፣ ልማድ ክፉ የሚሆነው ሁልጊዜ ከክፋት ተነስቶ አይደለም። በቅን ልብ የሚደረግ ነገር ካልተመዘነ፣ ቅንነቱ ራሱ እንዳንመዝነው ይጋርደናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ አባቶች ምኑ እንደሚቃጠል ማየት የሚያስችል ዓይን እንዳለን አምነው ነው፤ ጨረር ግን አይታይም፤ አይሸትም፤ ሲያቃጥል እንኳ አይፋጅም።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ፤ እቤቴ ብቀመጥ ሥራ አልያዝ አለኝ። የጋሽ ጥላ ቀኝ እጅ ፋሻው ተፈትቶ በአዲሱ ካሴት ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ስለ ቁስሉ አልጽፍም። ወጣቷ ዙሪያውን በትንንሽ የአሸዋ ከረጢቶች ደገፈችላቸው፤ ማንም አልያዛቸውም። ሰዓቱን ወደ ሩብ ቀነሰችው። ከመከለያው ኋላ ቆመን ቁልፉን ስትጫን፣ ማሽኑ ገና እህ ሳይል ጸጥ አለ።

ፊልሙ ሲወጣ ሦስታችንም ቀረብን። እንዲህ ያለ ፎቶ አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ አጥንት በሹል እርሳስ የተሳለ ይመስል ነበር፤ የአጥንቶቹ ውስጥ እንኳ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ ጣቶች ግን ብል እንደ በላው ገጽ ነበሩ። ብሉ በጣቶቹ አልቆመም። በመዳፉ ውስጥ ዘልቆ፣ ደህና ናቸው ባልናቸው አጥንቶች ሥር ሥሩን ሄዶ የእጅ አንጓውን ነክቶታል። ይህን ሁሉ በቀድሞዎቹ ፎቶዎች ጭጋጉ ሸፍኖት ነበር።

ወጣቷ ቀድማ አይታው ኖሮ «ዶክተሩ ይዩት እስቲ… እኛ ምን እናውቃለን» ማለት ጀመረች።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ጥላ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ አጥንት ሳይ ኖሬ የራሴን አላነብም? እጁ በሙሉ ነው። ምናልባትም ከአንጓው በላይ።» ፊልሙን ወደ መብራቱ ይበልጥ አስጠጉት። «ቆይ፣ በደንብ ያዢው… አየሽ ይህችን መስመር? ይህችን? እኔ ይህን የመሰለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። እንዴት ያለ ጥሩ ፎቶ ነው!»

ሐኪሙም ያሉት ያንኑ ነው። ከዓመት በፊት እንዲህ ያለ ፎቶ ቢያገኙ ኖሮ ሁለት ጣት ይበቃ እንደ ነበር አልደበቁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጋሽ ጥላ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተከራከሩም። «እንግዲያው ከመቆረጤ በፊት የማስረክበው አለኝ» ብለው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ።

ያስረከቡት ቁልፍ ወይም ዕቃ አልነበረም። ልጅቷን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው፣ እኔን ምስክር አድርገው፣ እንዲህ አሏት፦

«ካሴት ከእንግዲህ ፀሐይ አይሞቅም። አልኮል አይነካውም፤ በለስላሳ ጨርቅ፣ ለስክሪን ተብሎ በተሠራው ማጽጃ ብቻ፣ ሲደርቅም ጥላ ውስጥ። ልኬቱን እየደጋገምሽ አድርጊው፤ እኔ ነኝ አዋቂው ብሎ የሚከለክልሽ ሰው ቢመጣ የእኔን እጅ ንገሪው። ስክሪኑ ሲደክም አዲሱን አውጪ፤ ዕቃ በቁምሳጥን ውስጥ ቢያረጅ ማን ይጠቀማል? ፎቶ ሲነጣብሽ ሰዓት ከመጨመርሽ በፊት ለምን እንደ ነጣ ጠይቂ። ያኔ አንድ ልጅ አንዴ ይነሳል እንጂ ሦስቴ አይነሳም። ፎቶው ስለሚጠራ ሐኪሙ በሽታውን በጊዜ ያየዋል። ፊልምም ይተርፋል፣ ማሽኑም ዕድሜው ይረዝማል፤ ያ እንኳ ትንሹ ነው። ዋናው ጨረሩ ነው፤ ሩብ ይበቃል። ሩብ። ልጅ የሚይዝ ሰው ካስፈለገም እናትየው ወይ አባትየው የእርሳስ ሽርጥና ጓንት ለብሰው ይያዙ፤ እጃቸውንም ከጨረሩ መንገድ ያርቁ። አንቺ አትያዢ። ሰማሽ? ቢያለቅስብሽም፣ አንጀትሽን ቢበላውም፣ አንቺ በእጅሽ አትያዢ።»

«ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«ማይልኝ።»

«እርስዎን ይንሳኝ!»

«እኔንስ ነስቶሻል» አሉና ፈገግ ሊሉ ሞከሩ።

በዚያው ቅጽበት ከደረጃ የወደቀች ሕፃን በአያቷ ታቅፋ መጣች። ክንዷ ተሰብሯል መሰል ስትነካ ትጮኻለች። ወጣቷ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች፤ አያቲቱን ሽርጥና ጓንት አለበሰቻቸው፤ በሩን ዘጋች። ጋሽ ጥላ ግን ከእኔ ጋር በአግዳሚው ላይ ቀሩ። አንድ ሕፃን ውስጥ ሆኖ እሳቸው ውጭ ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነበር። የልጅቷ ለቅሶ በበሩ ሾልኮ ሲመጣ ከወገባቸው ብድግ አሉ፤ መልሰው ተቀመጡ፤ እንደገና ብድግ አሉ። ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ለጸሎት አፌን ከፈትኩ፤ ማሽኑ እንደ አንዲት ንብ ጥዝ ብሎ አለፈ።

«አትጀምርም እንዴ?» አሉኝ፣ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘንብለው። «ምን ትጠብቃለች? ልጅቷ እያለቀሰች እኮ ነው!»

በሩ ተከፈተና የእህታቸው ልጅ ብቅ አለች። «አልቋል፣ ጋሼ።»

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ጋሽ ጥላ ማንንም አላዩም። ግራ እጃቸው ሕፃን እንደሚይዝ ጭናቸው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«ይህን ያህል ብቻ ነበር የሚበቃው» አሉ። «ይህን ያህል ብቻ።»